የኢንተርኔት ስልክ እየጮኸ ድምፅ ስለ መጥፋቱ

ነጋዴ ከደንበኛው ጋር ስለ ዋጋና ስለ ጭነት ሲነጋገር ድምፅ ካንድ ወገን ብቻ ቢሰማ፥ ውሉ በእንጥልጥል ይቀራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አዲስ ስልክ ይገዛል፤ ጉድለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ አይደለም።

ተራውን ስልክ ከኢንተርኔት የሚያገናኘው አዳፕተር ሁለት ነገር ይልካል። አንደኛው የጥሪው መልእክት ነው፤ ይኸውም እንደ ልማዱ በ5060 ቁጥር ፖርት ያልፋል። ሁለተኛው ድምፁ ነው፤ እርሱም በሌላ ፖርት ይሄዳል። ሞደሙ የመጀመሪያውን አሳልፎ ሁለተኛውን ቢያግድ፥ ስልኩ ይጮኻል እንጂ ንግግሩ አይሰማም።

ስለዚህ አስቀድሞ ሞደሙን፥ ቀጥሎም አዳፕተሩን አጥፍቶ ማብራት ይገባል። በዚህ ካልተስተካከለ፥ በሞደሙ ማስተካከያ ገጽ «ሲፕ ኤ ኤል ጂ» የተባለውን መዝጋት ነው፤ ይህ ለመርዳት የተሠራ ቢሆንም የጥሪውን አድራሻ የሚያበላሽበት ጊዜ አለና። ከሞደሙ በኋላ ሌላ ራውተር ካለም፥ ሞደሙን ወደ ብሪጅ አሠራር መለወጥ ይረዳል።

ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመስመር ጥበት ነው። በጂ 711 አሠራር አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው በሰከንድ 90 ኪሎ ቢት ያህል ይፈልጋልና፥ በንግግር ሰዓት ከባድ ፋይል አለመላክ ይበጃል።

መብራት ሲጠፋ አዳፕተሩም ዝም ይላል። ስለዚህ በስልክ የተስማሙበት ዋጋና ብዛት ዕለቱን በጽሑፍ ይረጋገጥ።