«በ2032 ምድርን ይመታል» የተባለው ድንጋይ

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ዓለምን ያነጋገረው አስትሮይድ ስሙ 2024 ዋይአር4 ነው፤ 60 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቺሊ የተተከለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ካገኘው ጊዜ ጀምሮ ያልተባለበት ነገር የለም።

ተረት፦ የመምታት ዕድሉ ከ1 ወደ 3.1 በመቶ ያደገው ድንጋዩ ወደ እኛ ስለዞረ ነው።

እውነታ፦ ድንጋዩ ከመንገዱ ንቅንቅ አላለም። በሬ ጠፋ እንበል። ከአሥር ጎጦች በአንዱ ካለ፣ እናንተ ጎጥ የመገኘት ዕድሉ 10 በመቶ ነው። አምስቱ ጎጦች ታስሰው ሲታጣ 20 በመቶ ይሆናል፤ በሬው ግን ያው ካለበት ነው። ጎረቤት ጎጥ ሲገኝ የእናንተ ዕድል በአንዴ ዜሮ ይገባል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ምልከታው ጥቂት ሳለ ድንጋዩ በ2032 ሊገኝበት የሚችለው ቦታ እጅግ ሰፊ ነበር። ምልከታ ሲጨመር ቦታው ጠበበ፤ ምድር ከውስጡ እስካልወጣች ድረስ ቁጥሩ ወደ ላይ ይሄዳል። ፌብሩዋሪ 18 ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ ሳምንት ሳይሞላ ከሺህ አንድ እንኳ የማይሞላ ሆነ።

ተረት፦ ሳይንቲስቶቹ ደብቀውናል።

እውነታ፦ ናሳና የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ስሌቱን በተለወጠ ቁጥር በይፋ ያወጡት ነበር። ምስጢር ቢሆንማ ወሬው ከየት ይመጣል?

ተረት፦ ከመጣ ማን ያስቆመዋል!

እውነታ፦ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 የናሳዋ ዳርት መንኮራኩር 160 ሜትር ገደማ የሆነውን ዲሞርፎስን ሆን ብላ ገጨችው። ዲዲሞስ የተባለውን ትልቁን ድንጋይ ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበት የነበረው በ32 ደቂቃ ገደማ አጠረ። ይህ የሚሠራው ግን ድንጋዩ ከዓመታት በፊት ከታየ ነው። በ2013 ሩሲያ፣ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳው 20 ሜትር ገደማ ድንጋይ በፀሐይ በኩል ስለመጣ ቀድሞ ያየው አልነበረም፤ ከሺህ በላይ ሰው ቆስሏል፣ አብዛኛው በተሰባበረ የመስኮት መስታወት። በእኔ አስተያየት ስም ከወጣለት ድንጋይ ይልቅ የሚያሰጋው ገና ያልታየው ነው።

ቀጣዩ ወሬ በአፖፊስ ዙሪያ መነሣቱ አይቀርም። ኤፕሪል 13 ቀን 2029፣ በእኛ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ ከምድር 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል። ቢያንስ ለመቶ ዓመት እንደማይመታን ናሳ በ2021 (እ.ኤ.አ.) አረጋግጧል። ከአፍሪካ ያለ መሣሪያ በዓይን ስለሚታይ፣ የዚያን ዓርብ ሌሊት ሰማዩ ከጠራ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና እዩት።