ከእገዳ በኋላ ወደ ካርታው ሥራ ስለ መመለስ

በጎንደር ከተማ «የማርያም ቤተ ክርስቲያን የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ «የትኛዋ ማርያም?» ተብሎ መልሶ ይጠየቃል። ግምጃ ቤት ማርያም አለች፤ ሎዛ ማርያም አለች። ቅዱስ ሚካኤልም ፊት ሚካኤልና አጣጣሚ ሚካኤል እየተባለ ይለያል። የአገሩ ሰው ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከሩቅ የመጣ የጤና ባለሙያ ወይም እህል የጫነ የመኪና ሾፌር ግን የሚመራው በስልኩ ባለው ካርታ ነው። በካርታው ላይ ሁሉም «ማርያም» ተብለው ከተጻፉ ወይም ጨርሶ ካልተጻፉ መንገደኛው ይሳሳታል።

ብዙ የእርዳታ ድርጅቶች ከሚገለገሉባቸው ካርታዎች አንዱ «ኦፕን ስትሪት ማፕ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር በስቲቭ ኮስት የተጀመረ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ካርታ ነው። አካውንት የከፈተ ሁሉ መንገድ፣ ምንጭ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሊጨምርበት፣ የተሳሳተውንም ሊያርምበት ይችላል። አስቀድሞ በስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኔትወርክ ስለሚሠራ ለጃን አሞራና ለበየዳ ደጋማ ቀበሌዎች እጅግ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ በመታ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች የዋና ከተማዋን ካርታ በጥቂት ቀናት ሠርተው ለእርዳታ ሠራተኞች አድርሰዋል። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. ድርቁ በሰሜን ጎንደር ወረዳዎች በጸና ጊዜ፣ የትኛው መንደር በየትኛው መንገድ እንደሚደረስ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታይቷል።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እናንሣ። የአንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ምሽት፣ በአንድ አካውንት፣ በወረዳው ያሉትን አብያተ ክርስቲያናትና የጎለበቱ ምንጮች ሁሉ ከሌላ ድርጅት ካርታ እየተመለከቱ መዘገቡ እንበል። በሳምንቱ ሊቀጥሉ ሲሉ አካውንቱ መታገዱን የሚገልጽ መልእክት ያገኛሉ። ያሰቡት በጎ ነገር ስለ ነበር ያዝናሉ፤ አንዳንዱም ሥራውን ጨርሶ ይተዋል።

የእገዳው ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ከጎግል ካርታ ወይም ከሌላ ባለመብት ካርታ መቅዳት ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃውን ለሁሉ በነጻ የሚሰጥ በመሆኑ የሌላ ሰው መብት ያለበትን ነገር ሊቀበል አይችልም። ሁለተኛው ብዙ መረጃ ሳይመካከሩ በአንድ ጊዜ መጫን ወይም የነበረውን ማበላሸት ነው። ሦስተኛው ዝምታ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ሲመዘገብ ሌሎች አስተያየት ሊጽፉበት ይችላሉ፤ አስተያየቱም በኢሜይል ይደርሳል። ኢሜይሉን የሚከፍት ሰው ከሌለ ጠያቂው መልስ ስለማያገኝ ጉዳዩ ወደ እገዳ ይደርሳል።

እገዳውን የሚጥሉት አወያዮች ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በካርታው ፋውንዴሽን ሥር ያለው የመረጃ የሥራ ቡድን አባላት የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እገዳ ካርታውን ከመመልከት አይከለክልም፤ የሚከለክለው ማረምን ብቻ ነው። አንዳንዱ እገዳ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ባለአካውንቱ ገብቶ መልእክቱን እንዳነበበ ይነሣል። ሌላው ለሰዓታት ወይም ለቀናት የሚቆይ ነው። በከባድ ጥፋት ወይም በተደጋጋሚ ጥፋት ለዓመታት ሊረዝም ይችላል።

ወደ ሥራው ለመመለስ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል።

አንደኛ፣ በድረ ገጹ በአካውንታችሁ ገብታችሁ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ማን እንዳገደ፣ ለምን እንዳገደና እስከ መቼ እንደሆነ በዚያ ተጽፏል። ካልተነበበ፣ የተቀጠረው ጊዜ ቢያልፍም እገዳው ላይነሣ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ላገደው አወያይ በድረ ገጹ በኩል አጭርና ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። «እኛ በሰሜን ጎንደር የአንድ ደብር ወጣቶች ነን። ስሞቹን የወሰድነው ከዚህ ካርታ ነው፤ ክልክል መሆኑን አላወቅንም ነበር። የመዘገብነውን ለማንሣትና በቦታው ተገኝተን እንደገና ለመመዝገብ ዝግጁ ነን» ማለት ይበቃል። በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚችል ወጣት ካለ ይርዳችሁ። ምንጩን መደበቅ ግን መተማመንን ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ የተበላሸውን ለማስተካከል ተስማሙ። ካርታው የእያንዳንዱን ነገር የቀድሞ ይዞታ ስለሚያስቀምጥ የተሳሳተው ለውጥ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። የተቀዳው ሲነሣ የድካማችሁ ፍሬ የጠፋ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ወጣቶቹ በእግራቸው ሄደው በጂ.ፒ.ኤስ. የሚመዘግቡት ከበፊቱ የታመነ ይሆናል።

በእገዳ ላይ ሳሉ በሌላ ስም አዲስ አካውንት መክፈት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ሽሽት ተደርጎ ስለሚቆጠር ቀላሉ እገዳ ይከብዳል፤ በቅንነት የሠሩትም ከአጥፊዎች ጋር ይደመራሉ። እገዳው ያለ አግባብ መስሎ ከታያችሁ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ለሥራ ቡድኑ በትሕትና ጻፉ፤ ቡድኑም ተጠሪነቱ ለፋውንዴሽኑ ቦርድ ነው። ለምሳሌ በአካባቢው ሕዝብ የታወቀው ስም ትክክል መሆኑን የደብሩ ማኅተም ያለበት የበር ጽሑፍ ወይም የምልክት ሰሌዳ ፎቶግራፍ ያስረዳል።

ወደ ፊት እንዳይደገም እያንዳንዱ ወጣት የራሱን አካውንት ይክፈት። እያንዳንዱን ለውጥ ሲመዘግብ መረጃውን ከየት እንዳገኘ ይጻፍ። ፋውንዴሽኑ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የተደራጀ ሥራ መመሪያ፣ በቡድን የሚሠሩ ሁሉ ማን እንደሚያስተባብርና ምን ሊመዘግቡ እንዳሰቡ አስቀድመው እንዲያስታውቁ ያሳስባል። ሰበካ ጉባኤውም ኢሜይሉን በየሳምንቱ የሚከፍት አንድ ሰው ይመድብ። ስሙ ሕዝቡ እንደሚጠራው በአማርኛ ይጻፍ፤ «ማርያም» ሳይሆን «ሎዛ ማርያም» ይባል። የንዋየ ቅድሳት ማስቀመጫና የግለሰቦች ስም ግን በካርታ ላይ ከቶ አይጻፍ።

አንድ ምንጭ ተጎልብቶ፣ መንገዱም ሆነ ስፍራው በካርታ ላይ በትክክል ከተመለከተ ለመንደሩ ብቻ ሳይሆን በችግር ቀን ለሚደርስለት ሁሉ ይታያል። ስለዚህ በአንድ ያልተነበበ መልእክት ምክንያት ሥራውን የተዉ ወጣቶች በደብራችሁ ካሉ ጥሩአቸው፤ መልእክቱን አብራችሁ አንብቡ፤ መልሱንም አብራችሁ ጻፉ።