እናታችሁን ከመደብ አስነሷቸው

«ይወድቁብኛል» ብላችሁ ቀኑን ሙሉ አታስቀምጧቸው፤ ያልሠራ ጡንቻ ይከሳል፣ ለመውደቅ የሚዳርገውም ይኸው ነው።

እንደ ራቤል ባለ ደጋ ማለዳው ውርጭ ነው፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል አውጧቸው። ከመኝታ ሲነሱ እግራቸውን አውርደው ትንሽ ይቀመጡ፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱትን ድንገት መቆም ያዞራቸዋል። ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ቁመቱ እጃቸው ወደ ታች ሲዘረጋ የእጅ አንጓቸው ጋ ይድረስ። የሚያዘው በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በደህናው በኩል ነው (ብዙ ሰው ይገለብጠዋል)። ጫፉ ጎማ ይኑረው። የደረቡት ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) እንዳያደናቅፋቸው መሬት አይጎተት።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንና ጥንካሬ የሚያዳብር እንቅስቃሴ ይመክራል። ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለትም ይጠቅማል።

በደካማው ጎናቸው አጅቧቸው እንጂ አትጎትቷቸው። እንዲወጡ ለማግባባት «ለጤናዎ» ከማለት «ጎረቤት ቡና ጠርቶናል» ይሻላል። ወድቀው መቆም ካቃታቸው ግን ወጌሻ ጋ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሐኪም።