ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ ያለበት እህል

በረመዳን የመጨረሻ ቀናት በሙስሊሞች ቤት የሚሠራ አንድ ሒሳብ አለ። አባወራው ራሱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የሚጦራቸውን ወላጆቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ቢኖር እሱም አይታለፍም። ሰባት ነፍስ ካለ ሰባት ስፍር እህል ይወጣል። በረመዳን ማብቂያ ለችግረኞች የሚሰጠው ይህ ዘካተል ፊጥር ነው።

ከሀብት ዘካ የሚለየውም በዚሁ ነው። የሀብት ዘካ የሚወጣው ገንዘቡ ኒሷብ የሚባለውን መነሻ መጠን ሲደርስና ዓመት ሲሞላው፣ ከመቶ ሁለት ተኩል ታስቦ ነው። ዘካተል ፊጥር ግን ሀብት ሳይሆን ሰው ይቆጥራል። በሻፊዒይ፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀቦች (የሕግ ትምህርት ቤቶች) ከዒድ ሌሊትና ቀን ቀለቡ የተረፈ ነገር ያለው ሁሉ ይሰጣል። ስለዚህ ማምሻውን ዘካ የተቀበለ ችግረኛ፣ ከበቃው በላይ ከደረሰው፣ በበኩሉ ሰጪ ይሆናል። ሐነፊዎች ግን ግዴታውን ኒሷብ በሞላለት ሰው ላይ ብቻ ይጥላሉ።

የተደነገገው በሒጅራ 2ኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ624፣ ከረመዳን ጾም ጋር በአንድ ዓመት ነው። የነቢዩ ባልደረባ ኢብን ዐባስ ባስተላለፉት ሐዲስ ሁለት ዓላማ ተሰጥቶታል፤ ጿሚውን በጾሙ ወቅት ካመለጠው አልባሌ ወሬና ጸያፍ ንግግር ማጥራት፣ ድኻውንም መመገብ።

መጠኑ አንድ ሷዕ ነው። ሷዕ አራት ሙድ ሲሆን፣ ሙድ ደግሞ መካከለኛ ቁመና ያለው ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚያፍሰው ነው። የሚሰፈር እንጂ የሚመዘን ስላልነበረ ኪሎው እንደ እህሉ ይለያያል፤ በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ይታሰባል። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ላይ ይሰጥ የነበረው ተምር፣ ገብስ፣ ዘቢብና የደረቀ አይብ ነበር። በኋላ ኸሊፋው ሙዓዊያ ወደ መዲና ሲመጡ ሁለት ሙድ የሻም (የሶሪያ) ስንዴ አንድ ሷዕ ተምር ያህላል አሉ፤ ብዙው ሰው ተከተላቸው። የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ ግን በነቢዩ ጊዜ ይሰጡት የነበረውን ሙሉ ሷዕ አልቀንስም ብለው ጸኑ።

እህሉ ተሰብስቦ ጠባቂም ይቆምለት ነበር። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ እንደዘገቡት ሌላው ባልደረባ አቡ ሁረይራ የረመዳንን ዘካ ሲጠብቁ አንድ ሰው በሌሊት መጥቶ ምግቡን ይዘግን ጀመር። ያዙት፤ ልጆች አሉኝ፣ ተቸግሬያለሁ ቢላቸው አዝነው ለቀቁት። ሦስት ሌሊት ተመላለሰ። ነቢዩም ያ ሌባ ሸይጣን እንደነበር ነገሯቸው።

ዛሬ ዋናው ክርክር እህል ወይስ ብር የሚለው ነው። ሐነፊዎች ዋጋውን በገንዘብ መስጠት ይፈቅዳሉ፤ ሦስቱ መዝሀቦች በጥንቱ አቋማቸው እህሉን ይጠይቃሉ። የግብፅ የፈትዋ ተቋም በየዓመቱ ዝቅተኛውን የገንዘብ መጠን ያሳውቃል። የሳዑዲ ዑለሞች በአንጻሩ ምግብ ይሁን ይላሉ፤ በሪያድና በጅዳ መንገዶችም የረመዳን ማብቂያ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ሩዝ በከረጢት ይሸጣል። ሻፊዒዮች የአገሩን ዋና ቀለብ ስለሚመርጡ በኢትዮጵያ እንደየአካባቢው ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ሊሰፈር ይችላል።

ሰዓቱ ጥብቅ ነው፤ ከዒድ ሶላት በፊት መሰጠት አለበት። በሻፊዒዮች ዘንድ ረመዳን የሚያበቃበት ዕለት ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት የተወለደ ሕፃን ይቆጠራል፤ ከጠለቀች በኋላ የተወለደ አይቆጠርም። የነቢዩ ባልደረባ ኢብን ዑመር ከዒድ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድመው ያወጡ ነበር። ከሶላት በኋላ የተሰጠ እንደ ማንኛውም ሶደቃ (የበጎ ፈቃድ ምጽዋት) ይታያል፤ የዒዱ ቀን ካለፈም በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ዕዳው አይሰረዝም።

ዘካው በመሠረቱ የሚሰጠው ሰጪው ባለበት አገር ነው፤ ለበለጠ ችግረኛ ወይም ለዘመድ ወደ ሌላ ቦታ መላክን የሚፈቅዱ ሊቃውንትም አሉ። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ወደ ወሎ የሚልክ ሠራተኛ ታዲያ ብሩን ቀደም አድርጎ መላክ አለበት፤ እህሉ ተገዝቶ፣ ተሰፍሮ፣ ኢማሙ ለዒድ ሶላት ከመቆማቸው በፊት ከችግረኛው ቤት መግባት ይኖርበታልና።