ምዕራፍ 7፦ ዎርድፕረስን አልፓይን ሊነክስ ላይ መጫን

ለኡቡንቱ የተጻፈ መመሪያ አንስቶ «አልፓይንም ላይ ይሠራል» የሚል ሰው ያናድደኛል። ጀማሪው «አፕት» ብሎ ይጽፋል፤ ሰርቨሩ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም ይለዋል፤ ምስኪኑ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። አልፓይን ፕሮግራም የሚጭነው በኤፒኬ ነው፤ አገልግሎት የሚያስነሳውም በኦፕንአርሲ እንጂ በሲስተምዲ አይደለም።

አልፓይን ፊኒሺንግ ሳይሠራለት የምትረከቡት ኮንዶሚኒየም ነው። የኮንቴይነር ምስሉ ታምቆ 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ ቀላልነቱ ባዶነቱ ነው። ፒኤችፒን ስትጭኑ ኤክስቴንሽኖቹ አብረው አይመጡም፤ እያንዳንዱን በስሙ መጥራት አለባችሁ። ማይኤስኪውኤልአይ የውኃ መስመሩ ነው፦ ካልተዘረጋ ዳታቤዙ ማሪያዲቢ፣ ማለትም ሮቶው፣ ሞልቶም ቧንቧው ጠብ አይልም። ጂዲ መስኮቱ ነው፦ ያለሱ (ኢማጂክም ከሌለ) የፎቶው ትንንሽ ቅጂዎች አይወጡም። ሮቶውም ራሱ ከመከፈቱ በፊት መታጠብ ይፈልጋል፤ ማሪያዲቢን «ሴትአፕ» ሳትሉት አይነሳም። አርሲ-ሰርቪስ አገልግሎቱን እንደ ዘበኛ ለዛሬ ይጠራዋል፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳም እንዲመጣ የሚቀጥረው አርሲ-አፕዴት ነው።

የፋይሎቹ ቁልፍስ በማን እጅ ነው? ፒኤችፒን የሚያስኬደው ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም አልፓይን ላይ «ኖቦዲ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ይሠራል። ፋይሎቹ የሌላ ተጠቃሚ ከሆኑ ዎርድፕረስ ፕለጊን ልጫን ስትሉት የኤፍቲፒ የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ይሄኔ «777 ስጠው»፣ ማለትም ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ክፈት፣ የሚል መካሪ አይጠፋም። በር ነቅሎ መጣል ማለት ነው! የፋይሎቹን ባለቤትና ኤፍፒኤም የሚሠራበትን ተጠቃሚ አንድ አድርጉ፤ አለቀ። ዳታቤዝና የይለፍ ቃል መፍጠሩን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደምወደው ጠብ ልግባ። ዎርድፕረስ የጽሑፉን ርዕስ ወደ ሊንክ ሲቀይር 200 ቦታ ብቻ አለው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ ሊንክ ላይ ሲገለበጥ 9 ቦታ ይበላል። ስለዚህ ከ22 ፊደል በላይ አይገባም። የዜና ድረ ገጽ የሠራሁለት ደንበኛ ርዕሶቹን «የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር» ብሎ መጀመር ይወድ ነበር። ይህ ብቻ 16 ፊደል ነው፤ ከክፍተቶቹ ጋር ሲደመር ለዜናው የሚተርፈው 5 ፊደል ነው። «ከንቲባ» ብሎ ከቀጠለ ደግሞ የሚቀረው የሚቀጥለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው! ዜናዎቹ በአንድ ሊንክ ላይ ተጋፍተው መጨረሻቸው 2፣ 3፣ 4 እየተባለ ሲቀጠል ደንበኛዬ ሰርቨሩን ረገመ። አልፓይን ግን ምንም አላደረገም፤ ኡቡንቱም ላይ ያው ነው።

«እንግዲያው ሊንኩን በላቲን ጻፉት» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። አልስማማም። አሳሹ ላይ በአማርኛ የሚነበብ ሊንክ አንባቢው የት እንዳለ ይነግረዋል፤ የላቲኑ አጻጻፍ ግን እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ከማተማችሁ በፊት የሊንኩን ሳጥን ክፈቱና ዜናውን የሚለዩትን ሁለት ሦስት ቃላት ራሳችሁ ጻፉ። የታተሙትንም መቀየር ይቻላል፤ ዎርድፕረስ የድሮውን ሊንክ ይዞ አንባቢውን ወደ አዲሱ ይመራዋል።