ረከቦቱን ለባዕድ እንግዳ ስታቀርቡ

ባሕር ማዶ የምትኖር ልጅ ወይም እኅት ያለቻችሁ እናቶች ብዙ ናችሁ። የላካችሁላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ጀበናውን ጥዳ የሥራ ባልደረቦቿን ቡና ትጠራለች። ለመሆኑ እንግዶቹ ሲጠይቋት ምን ትመልስላቸዋለች? ቄጤማው ለምን ተጎዘጎዘ? ቡናው ለምን ሦስት ጊዜ ይቀዳል? «ባህላችን ነው» ብላ ካለፈችው እንግዶቹ አይተው የሚሄዱት ልብስና ጭስ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ጃፓኖች ብልሆች ናቸው። ኪሞኖ ሲያለብሱ የግራው ጎን በቀኙ ላይ እንደሚደረብ፣ ቀኙ በግራው ላይ የሚደረበው ግን ለሙት እንደሆነ አብረው ያስረዳሉ። ኢኬባና የሚባለው የአበባ አደራደር ጥበባቸውም መምህርና ደረጃ ያለው ትምህርት ነው። ይህንኑ ጥበብ በሌሎች አገሮች ለማስተዋወቅ በ1948 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ኢኬባና ኢንተርናሽናል የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት ኤለን ጎርደን አለን የተባሉ አሜሪካዊት ነበሩ። በሚገባ የተማረ እንግዳ ራሱ አስተማሪ ይሆናል ማለት ነው።

የእኛስ ነጠላ ቢሆን መች ዝም ይላል? መስቀለኛ ሲጣፋ ለቤተ ክርስቲያን፣ ተዘቅዝቆ ሲለበስ ለሐዘን መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ውጭ የተወለደችው የልጅ ልጃችሁ ግን ላታውቅ ትችላለች።

የቡናው ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይልቃል። ከአንኮበር በታች ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ በኩል የሚመጣው ሲራራ ይደርስባታል፤ የሐረር ነጋዴዎች ይኖሩባታል፤ ገበያዋም ዓርብ ዓርብ ይቆማል። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ የሆነው ሻምበል ሐሪስ ወደ ሸዋ የገባው በእርሷ በኩል ነው። በዚያን ጊዜ በሸዋ ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ ለክርስቲያን የተከለከለ ነበር። ክልከላው የላላው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ ዛሬ የአገራችን ነው ብለን ለባዕድ የምናቀርበው ቡና በሸዋ ክርስቲያን ቤት የገባው ከሙስሊም ጎረቤት ተለምዶ ነው። ይህን ለእንግዳ መንገር አያሳፍርም፤ እንዲያውም የቡናው ጣዕም ነው።

ስለ ቀሚሱም አንድ ነገር እናንሣ። በፋብሪካ የጥለት ምስል የታተመበት ጨርቅ ከውጭ እየገባ በርካሽ ይሸጣል። ዋጋው ለኪስ ይስማማል፤ ነገር ግን ባዘቶ አመልምላ በእንዝርት የምትፈትለው ሴትና ሸማኔው ከእርሱ አንዲት ሳንቲም አያገኙም። ስትገዙ ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩ፤ የእጅ ሥራ ከሆነ የጥለቱ ክር በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ግን ከጀርባው ይደበዝዛል።

ስትልኩም በጥቅሉ ውስጥ አንድ ወረቀት ጨምሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ በተራ ጻፉላት። የነጠላውን አለባበስ፣ የሸማኔውንም አገር ጨምሩበት።