ለወሎ ሙታን የሚገባ መዝሙር

አንባቢዎች ሆይ፥ ከደሴ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ብትጓዙ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከከተማው አጠገብ ሰፊው ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል፤ በዳሩም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስፋፉት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ወደ ውጫሌ ስታመሩ ደግሞ የአምባሰል አገር ይቀበላችኋል። ከትዝታ፥ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ለሚቆጠረው ለአራተኛው ቅኝታችን ስሙን የሰጠው ይህ አገር ነው።

ይኸው መንገድ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የረኃብ መንገድ ነበረ። የወሎ ገበሬ እህሉ ከጎተራው፥ ከብቱም ከበረቱ ባለቀ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳናው ወጣ፤ መኪና እያስቆመም ለመነ። በ1977 ዓ.ም. መከራው ተመልሶ መጣ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በሙሉ ያለቀው ሕዝብ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

ስለዚህ እልቂት ዓለም የዘመረውን እንመልከት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሞሐመድ አሚን ያነሣውን ፊልም ከማይክል በርክ ንባብ ጋራ አሳየ፤ ፊልሙ የተነሣው በዚያ ዘመን በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም ነው። ኅዳር 16 ቀን እነ ቦብ ጌልዶፍ ያሰባሰቡአቸው ዘፋኞች በለንደን «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚለውን ዘፈን ቀዱ። ጥር 20 ቀን ደግሞ ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የደረሱትን «እኛ ዓለም ነን» ከ40 የሚበልጡ ዘፋኞች በአሜሪካ በኅብረት ዘመሩት። የተሰበሰበው ገንዘብ ነፍስ አድኖአልና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን በሁለቱም ግጥም ውስጥ የወሎ ስም ቀርቶ የኢትዮጵያ ስም እንኳ አይገኝም። ገናን እናውቅ እንደ ሆነ የጠየቀው ዘፈን በተቀዳበት ዓመት የሐይቅ መነኮሳት ልደትን ማክበር ከጀመሩ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖአቸው ነበር።

እነዚህ ዘፈኖች ሕያዋንን ለምጽዋት ለማነሣሣት የተደረሱ ናቸው። ሙታንን ማሰብ ግን ሌላ ሥራ ነው። የእንግሊዙ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን፥ በ1933 ዓ.ም. በቦምብ በፈረሰው በኮቨንትሪ ካቴድራል ፈንታ አዲሱ ሲመረቅ፥ ግንቦት 22 ቀን 1954 ዓ.ም. «የጦርነት ጸሎተ ፍትሐት» የተባለውን ታላቅ የመዘምራን ሥራ አሰማ። የላቲኑን የሙታን ጸሎት፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞተው ከወታደሩ ባለቅኔ ከዊልፍሬድ ኦወን ግጥሞች ጋራ አዋሐደው። አሜሪካዊው ጆን አዳምስም መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ላለቁት ሰዎች በደረሰው ሥራ፥ ዘመዶቻቸው በየግድግዳው የለጠፉአቸውን የአፋልጉን ማስታወቂያዎች በመዘምራን አዘመረ፤ የሟቾቹንም ስም አስጠራ።

አንባቢዎች ሆይ፥ ስም መጥራት ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በለቅሶ ቦታ ሙሾ አውራጅዋ የሟቹን ስም፥ የአባቱን ስም፥ አገሩንና ሥራውን እየጠራች ግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም በአንድ ድምፅ ይቀበላታል። በወሎ እስላሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ለቅሶ ይደርሳል። በመንዙማም አንዱ ያወጣል፥ ጉባኤው በድቤ ይቀበላል። የአምባሰል ቅኝት ራሱ ለኅዘን የተመቸ ነው። ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ድምፅ ብቻ ይራመዳል፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ሁለት ሙሉ ድምፅ ይዘላል። እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ የወሎ ድምፃውያን ይህን ቅኝት ለአገር ሁሉ አሰምተዋል፤ ግርማ ይፍራሸዋም «አምባሰል» ብሎ በፒያኖ ደርሶታል።

ረኃቡ ታዲያ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ሙሾአቸውንም ነው የወሰደው። ከቀዬው ርቆ በመጠለያ የሞተውን ሰው ስሙንና አባቱን የሚያውቅ አልቃሽ ከየት ይምጣለት? ቀባሪውም ቢሆን ለማልቀስ አቅም አልነበረው።

ስለዚህ ለእነዚህ ሙታን የሚደረስ የመዘምራን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ስማቸውን ይፈልጋል። በ1977 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ 60 አልፎታል፤ የ1966ቱን የሚያስታውሱት ከዚያም የገፉ ሽማግሌዎች ናቸው። ተማሪዎች ከሐይቅና ከአምባሰል አረጋውያን ዘንድ ተቀምጠው፥ ማን እንደ ሞተ፥ የማን ልጅ እንደ ነበረ፥ በየትኛው መንገድ እንደ ቀረ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የሙዚቃ ባለሙያው ይምጣ። እርሱም በአራት ድምፅ የተከፈለው የአውሮፓ አዘማመር ቅኝቱን እንዳይውጥበት ይጠንቀቅ፤ አንዲት ሴት ታውጣ፥ ሕዝቡም ይቀበል። እናንተም በቤታችሁ ከእነዚያ ዘመናት የቀረ አንድ ስም ካለ፥ የሚያውቀው ሰው ሳያልፍ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት።